ልጄ የዘፈነችበት ክፍል

እህት ዓለሜ፣

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ቀን አብረሽኝ ያለቀስሽው አንቺ ነሽና ደስታዬንም ቀድመሽ ስሚ። ዛሬ በነርስነት ትሠራበት የነበረውን ክፍል አየሁ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አዛውንቶች አዲሱን መድኃኒት እንደ ግሉኮስ በክንዳቸው ይወስዳሉ። ሐኪሙ «አያድንም፤ በሽታውን ግን ያዘገየዋል» አለኝ። እኔ የፈራሁት ልጄን ረስተዋት እንዳይሆን ነበር። አናጢ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አተኩረው አዩኝና፣ «የዚያች መርፌ ስትሰካ የምትዘፍነው ልጅ እናት ነሽ! ድምጿ መቼም አያምርም ነበር» አሉ። እንዴት እንደሳቅሁ! አንቺስ ስትዘፍን መስኮትሽን ትዘጊባት አልነበር? እዚህ ግን መርፌው በክንዳቸው እንዳለ ሁሉም ዘፈኗን አነሱት፤ አንድ ስንኝ አልሳቱም። የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላብኝ። ጎረቤቶቻችንን ሳሚልኝ፤ ይህን ስታነቢላቸውም ልጄን በጸሎታቸው እንዲያስቧት ለምኚልኝ።