በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረው ቃልህ

ይድረስ ለምትኬ፣

በሚካኤል ቅጥር ካስተኛንህ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ተዝካርህን በወጉ አውጥተናል። ልጃችን ደብረ ታቦር ማስተማሯን ቀጥላለች። አንተ የተኛህበትን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራየሁት። ይህንን መቃብርህ ላይ ነግሬሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ እዚያ ቆሜ ልነግርህ ያፈርኩትን ነው።

ባለፈው ሰኞ ስምህ በምክር ቤት ተነሣ።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለውን፣ ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች የሚኖሩበትን ቤት መቼም አትረሳውም። ሦስት አስታማሚ ሴቶች ነበሩት። ወደ አንድ የወረዱት አንተ የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳለህ ነው። «አንዷ ትበቃለች፤ የቀረውን ጎረቤት በተራ ይሥራው። የእኛ ሕዝብ አዛውንቱን አይጥልም» ብለህ ተከራከርክ፤ ረታህም። ደስ ብሎህ ቤት ስትገባ እኔም አመንኩህ። ጎረቤቱም፣ እውነት ለመናገር፣ ለጥቂት ጊዜ በተራው መጣ። አጨዳ ሲደርስ ግን አንዱ ቀረ፣ ሌላው ምክንያት ላከ፣ ኋላ ማንም አልመጣ። አበቡ የምትባለዋ አስታማሚ ብቻዋን ቀረች።

ከዚያ አንተ ወደቅህ። ግራ ጎንህ አልታዘዝ ብሎህ ሁለት ክረምት ተኛህ። ሳገላብጥህና ሳጥብህ ፊትህን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። አንድ ቀን ወገቤ አልነሣ ብሎኝ አጠገብህ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ በተሳሰረው አንደበትህ፣ «ተሳስቻለሁ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ንገሪያቸው» አልከኝ። አልነገርኳቸውም። ስምህን ማሳነስ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት የአበቡ ጉዳይ፣ በቦታዋ ሰው ይቀጠር አይቀጠር ተብሎ፣ ለክርክር ቀረበ። ወገቧ ተጎድቶ ሥራዋን ልትለቅ፣ አርብ ገበያ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ነው። እኛ ነዋሪዎች ከኋላ ተቀምጠናል። አንዱ ተመራጭ በበጀቱ የመንገዱ ሥራ ይቅደም አለ። አንዲት ተመራጭ ተነሥታ፣ «መንገዱ ዓመት ቢዘገይ ይቆየናል። እነዚህ ሰዎች ይቆዩናል ወይ?» ብላ ጠየቀች። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የቆየ መዝገብ ገለጠና፣ «አቶ ምትኩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚሁ አዳራሽ የተናገሩት ይበቃናል» ብሎ ያንን ቃልህን አነበበው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተነሣሁ።

«ባለቤቴ ያንን ቃል እንደያዘ አልሞተም» አልኩና የመኝታህን ቃል ነገርኳቸው።

ሰብሳቢው ረጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሐዘንዎ ይገባናል። እኛ ግን የምንሠራው በተጻፈው ነው» አለኝ። እጅ ወጣ። የአበቡ ቦታ ክረምቱ እስኪያልፍ ሰው ሳይቀጠርበት እንዲቆይ ተወሰነ።

ሐሙስ አበቡ ሄደች። ቁልፉን የሚረከባት ስላጣች ለእኔ ሰጠችኝ። ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ምትኬ። ሁለቱ ከአልጋ አይወርዱም። ሰኔ ገብቷል፤ በወገዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከቤቱ በታች ያለው የገደል ጠርዝ በየቀኑ እየተናደ ነው።

ከሰባቱ አንዱ፣ ዓይናቸው የጠፋው መሪጌታ፣ ዛሬም ድጓ የሚያስተምሩ ይመስላቸዋል። አርብ ዕለት ውኃ ልቀዳ በወጣሁበት፣ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል ብለው ብቻቸውን ወጡ። ገደሉ አፍ ላይ ደረስኩባቸው። አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው። ስይዛቸው፣ «ደወሉ ተደወለ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዛሬም ውኃው አለቀ። በሩ ላይ ቆሜ ሰው ብጣራ የሚሰማኝ አጣሁ። ተመልሼ ነጠላዬን አወለቅሁና የመሪጌታን ሁለት እጅ በእሱ ከአልጋው ጋር አሰርኩ። እኔ፣ አንተን ሁለት ክረምት ያስታመምኩት። አልተቆጡኝም። «ቀኝ እጄን ተዪልኝ፣ ልጄ፤ ላማትብበት» ብቻ አሉኝ። ቀኙን ፈታሁላቸው። ግራውን እንደታሰረ ትቼ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።

የመኝታህን ቃል አልረሳውም፣ ምትኬ። በየስብሰባው ተነሥቼ እናገረዋለሁ፤ እስኪጽፉት ድረስ። ስምህ ካነሰም ይነስ፤ አንተም የምትፈቅድ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፍልህ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ፈትቻቸዋለሁ፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነገም ውኃው ያልቃል።