ባልተሠራው ማደሪያ ያደሩት አባት

ለክቡር አባ ሣህለ ማርያም፣
የቅዱስ አምብሮስዮስ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ዩኒቨርሲቲዎ ሥዕል የተዋበ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ ቢቸናዎች ደኅና ነን፤ የታመመው መንገዱ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለምደነዋል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ፣ ክቡርነትዎም ዩኒቨርሲቲዎን ያስተዋወቁን በአደባባይ ስለሆነ ነው። አምና ሐምሌ፣ ላንድሮቨርዎን ከጭቃ ካወጣንልዎ በኋላ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ ግቢውን፣ ትምህርቱን፣ የተማሪዎቹን ኑሮና ስፖርቱን አሳዩን። ስለዚህ ውለታ እያመሰገንሁ፣ ከዚያ ወዲህ የታዘብሁትን ጥቂት ነገር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የስፖርት ሜዳው። በሥዕሉ ላይ ወጣቶች ሲዘልሉበት ያየነው ሜዳ፣ የአባቶች ላሞች የሚሰማሩበት መስክ ሆኖ ተገኝቷል። ቅሬታ የለኝም፤ ወተቱ መልካም ነው ተብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ታሪክና ፊዚክስ የሚያስተምሩት አንድ አባት ናቸው አሉ። ይህም ቢሆን የእውቀትን አንድነት ስለሚያሳይ አልፈዋለሁ።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ያን ዕለት ኮርቻ ሰፊው አቶ ገላው እጃቸውን አንሥተው ሴት ልጅ የት እንደምታድር ጠይቀው ነበር። ልጃቸው ሀብትነሽ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ደብረ ማርቆስ በማዕረግ ጨርሳለች። ክቡርነትዎም ከሲስተሮቹ ቤት አጠገብ የቆመ ባለ ፎቅ ሕንፃ ግድግዳው ላይ አበሩና፣ «ልጅዎ ከእናቷ ጓዳ ይልቅ እዚህ ትጠበቃለች» ሲሉ መለሱላቸው።

አቶ ገላው ሰው ያመኑ እንደሆነ በግማሽ አያምኑም። ሀብትነሽ ለአንድ የየጁቤ ባለሱቅ ታጭታ ነበር፤ በማግሥቱ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱ። ዘመድ ተቀየማቸው፤ የንስሐ አባታቸውም ልጅህን ለካቶሊክ ሰጠህ ብለው ፊት ነሷቸው። እርሳቸው ግን ያን ሕንፃ እያሰቡ ሁሉን ቻሉት።

መስከረም ላይ አባትና ልጅ ግቢዎ ሲደርሱ፣ በሕንፃው ስፍራ ያገኙት የተቆፈረ መሠረትና የድንጋይ ክምር ነበር። ሬጅስትራሩ ሥዕሉ የወደፊቱን እንደሚያሳይ በትሕትና አስረድተው፣ ሀብትነሽ ከሁለት ዓመት በኋላ እንድትመለስ መከሯት። ልጅቱ አለቀሰች፤ የየጁቤው በር ተዘግቷል፣ ወደ ቢቸና መመለስም መሳቂያ መሆን ነው።

አቶ ገላው አልተቆጡም። ልጃቸውን ከአንዲት ያገራችን ሴት ቤት አስጠጉና፣ እርሳቸው ወደ ተቆፈረው መሠረት ወርደው ጋቢያቸውን አነጠፉ። ዘበኛው ሊያስወጣቸው ቢመጣ፣ የጋበዟቸው ፕሬዝዳንቱ ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩት። ተማሪዎቹ ወደዷቸው፤ ከምግብ አዳራሹ እራት ያወጡላቸው ጀመር፤ እርሳቸውም በፈንታው የተተረተረ ኳሳቸውን ሰፉላቸው። ስለ ተማሪዎች ኑሮ ካሳዩን ሥዕል ሁሉ አንዳች ሳይጎድልበት እውነት ሆኖ የተገኘው የእነዚህ ልጆች ደግነት ነው።

ከዚያ የትምህርት መክፈቻው የስፖርት በዓል ደረሰ። ክቡርነትዎ ጳጳሱንና ከባሕር ማዶ የመጡትን ረጂዎች አስከትለው ግቢውን ሲያስጎበኙ ከጉድጓዱ አፍ ደረሱ። እንግዶቹም ከታች የተቀመጡትን ሽማግሌ አይተው ማን እንደሆኑ ጠየቁ። አቶ ገላው ብድግ ብለው እጅ ነሡና፣ «ቤቱ እስኪመጣ ቦታውን እየጠበቅሁለት ነው፤ አባታችን አለ ብለውኛል» አሉ።

በዚያው ዕለት ሲስተሮቹ የልብስ ስፌት ክፍላቸውን ለቀው ለሀብትነሽ አልጋ ዘረጉላት። አባቷም ገብተው የበሩን መቀርቀሪያ ሞከሩ፣ ልጃቸውን ስመው አገራቸው ተመለሱ። ዘንድሮ ሀብትነሽ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። የንስሐ አባታቸው ይህን ሲሰሙ ታረቋቸው፤ ባለሱቁም ሌላ አግብቶ ደኅና ነው።

እንግዲህ ክቡር አባ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሌለ ቤት ባያሳዩን ኖሮ አቶ ገላው ልጃቸውን አይለቁም ነበር፤ እርሷም ዛሬ የጁቤ ተቀምጣ ጨውና ላምባ ትሸጥ ነበር።

ሥዕልዎን በዓይኗ፣ ሕንፃዎን ግን እስካሁን በተስፋ ብቻ ያየች፣ በጎነትዎን ከመመስከር የማትቦዝን ትሑት አክባሪዎ፣

አመተ ሥላሴ ቢሆነኝ
የአማርኛ መምህርት፣ ቢቸና
ሰኔ ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው መስከረም ሦስት ልጃገረዶች ልንልክልዎ ተሰናድተናል፤ የስፌት ክፍሉ ሦስት አልጋ እንደማይችል ግን ሰምተናል። የአንደኛዋ አባት የመርጡለ ማርያም መሪጌታ ናቸው፤ ማደሪያው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ሊጠብቁ ቆርጠዋል። ሌሊት ማሕሌት መቆም ልማዳቸው ስለሆነ፣ ከጉድጓዱ እስከ ክቡርነትዎ መኝታ ቤት የከበሮ ድምፅ ይደርስ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለውኛል።