የገዛሁት ለራሴ ግንባር ነው

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ደሜን ላፈላኸው ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲያሠቃይህ የከረመው ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሣው? ሚስትህስ? ልጅህስ? እኛ ደህና ነን። አባባ ዓይኑን የጋረደው ሞራ ቢብስበትም ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። እኔም ከንዴቴ በቀር ጤነኛ ነኝ።

ንዴቴን ልንገርህ። ባለፈው ለአባባ ስትደውል የስልኩ ማዳመጫ ተበላሽቶ ድምፅ ማጉያ ላይ እንደነበረ አላወቅክም። እኔ አጠገቡ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። «አባባ፣ አንተ እንግዲህ ማታ ወጥተህ ማር መቁረጥ አትችልም። እትዬ ደግሞ ሴት ናት፣ በጨለማ መሰላል ላይ ወጥታ ትወድቅብናለች። ቀፎዎቹን ለእኩሌ ስጠው» ስትል ቃል በቃል ሰማሁህ።

ለእኩሌ! ለጎረቤታችን ይህ ስም ለምን እንደወጣለት ረሳኸው? የሰው ላም ቢያልብ እኩል፣ የሰው ማሳ ቢያርስ እኩል ካልተካፈልን ባይ ነው። አባባም «እሺ ልጄ፣ አበባው ሳይረግፍ እነግረዋለሁ» አለህ። ዓይኔን ጠራርጌ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ወጣሁ። እነዚያን ቀፎዎች ዓመቱን ሙሉ ከጉንዳን የምጠብቃቸው፣ በደረቁ ወር ውሃ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። አንተ እኮ አንዲት ንብ ነድፋህ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት የቀረህ ሰው ነህ! ይህን በስልክ ብነግርህ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅምና ይኸው ጻፍኩልህ።

እውነቱን ለመናገር የቸገረኝ ዛፉ ላይ መውጣቱ አልነበረም፣ ማየቱ ነው። ቀን ከፍተናቸው እንደሆነ ንቦቻችን ሰፈሩን ያምሱታል። ማታ ደግሞ አንዱ እጄ ማጨሻውን ይይዛል፣ አንዱ ቢላዋውን። ባትሪውን በምን ልያዘው? በጥርሴ ነክሼ ሞከርኩት፣ ለሃጬ ደረቴ ላይ ወረደ። እንግዲህ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ልግዛ ብዬ ገበያ ወጣሁ።

ባለሱቁ «ለባለቤትሽ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ግንባር ነው» አልኩት። ሳቀ። ከሁሉ ውዱን አውጥቶ «ይቺ ማዶ ተራራ ላይ ያለ ሰው ታሳይሻለች» አለ። ማዶ ያለውን ሰው ምን ላደርገው? እኔ ማየት የምሻው ክንዴ ጫፍ ላይ ያለውን ነው። ደግሞ ክብደቷ ጡብ ነው። በዚያ ላይ በኤሌክትሪክ ነው የምትሞላው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ንቦቹን ታገሡኝ ልበላቸው? ከሁሉ ርካሿን አሰርኩ፤ ራሴን ብነቀንቅ አፍንጫዬ ላይ ወረደች። ወደ ታች ባጎነብሳት ተመልሳ ተንጋልላ ጣራውን ታበራለች። ሱቁ ውስጥ ጎንበስ ቀና፣ ዘለል ዘለል ስል በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ «እናቴ፣ እስክስታ ነው?» ይሉኛል። ይሳቁ! ገንዘቡ የኔ ነው። በመጨረሻ ዋጋዋ መካከለኛ የሆነች አንዲት አገኘሁ። ቀላል ናት፣ ያጎነበስኳት ቦታ ትቆያለች፣ የምትጎርሰውም በየኪዮስኩ የሚሸጠውን ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። ከነጩ ሌላ ቀይ መብራት አላት። ቀዩ ለምንድን ነው ብለው «ለጌጥ ነው» አለኝ። እኔም ሞኟ አመንኩት።

የዚያን ዕለት ማታ አባባ መሰላሉን ከሥር ያዘልኝ፣ ባለቤቴም ባልዲ ሊቀበል ቆመ። እኩሌ አጥር ተደግፎ «ስትወድቂ ተጣሪ፣ ቃሬዛ ይዤ እመጣለሁ» ይለኛል። መጀመሪያ ባትሪዋን ከፊቴ መረብ ሥር አስሬያት ኖሮ መረቡ እንደ አንሶላ ነጥቶ ዓይኔን ጋረደኝ። ወርጄ ከመረቡ በላይ አሰርኳትና ተመልሼ ወጣሁ። ቀፎውን ስከፍት ደግሞ ንቦቹ ነጩን ብርሃን አይተው ወደ ግንባሬ ተመሙ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ! ሁለቱ በመረቡ ቀዳዳ ነደፉኝ። አባባ «አጥፊው!» ሲል በጓንቴ ቁልፉን ብጫን፣ ብጫን፣ ቀዩ በራ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከግንባሬ ላይ አንድ በአንድ ረገፉ። ቀዩን የሚያዩት አይመስሉም። እኔ ግን እያንዳንዱን የማር እንጀራ አየዋለሁ፤ የቱ እንደታሸገ፣ የቱ እጭ እንዳለበት። ዛፍ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ! ለነሱ የሚበቃቸውን ትቼ «አባባ፣ ሌላ ባልዲ!» ስል እኩሌ ሳይሰናበት ሄደ።

አሁን ደግሞ ሌላው ንዴት። አባባ ማሩን ቀምሶ ጣቱን ላሰ፣ መረቀኝም። ግን «ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እሱ ያመጣውን ነገር እሱ ያንሳው» አለ። አየህ? ግንባሬ አብጦ፣ ባልዲው ሞልቶ፣ ፈቃድ የምጠብቀው ካንተ ነው! ያልተከፈቱ ቀፎዎች አሉ፤ አበባው እየረገፈ ነው። ደብዳቤውን ከሚያመጣልህ ሾፌር ጋር አንድ ጣሳ ማር ልኬልሃለሁ። ቅመሰው፣ አፍህ እስኪጣፍጥ ጠብቅ፣ ከዚያ ለአባባ ደውልና ቀፎው የእትዬ ነው በለው። ካልደወልክም መሰላሉ የት እንዳለ አውቃለሁ።

አባባ ወገብህን በሰም ቅባት ታሽ ብሎሃል። ባለቤቴ በብርቱ ሰላም ይልሃል፤ እሱ እንኳ ከፍታ ስለሚያዞረው ባልዲ ተቀባይ ነው የሆነው። ለሚስትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ እሷ ብትሰማህ ኖሮ አፍህን ትይዘው እንደነበር አውቃለሁ። ልጅህን ጉንጯን ስመህ፣ አክስትሽ ለአንቺም የግንባር ባትሪ ትገዛልሻለች፣ አባትሽን ሳታስፈቅድ በልልኝ።

የምትወድህና የተቆጣችህ እህትህ
ከአባባ ግቢ
ኅዳር 3 ቀን