ስለ ክለቡ ሚዛንና ስለ ልጄ ስድስት መቶ ግራም

ለ«ኢስክሪትሳ» የሪትሚክ ጂምናስቲክ ክለብ ፕሬዚዳንት
ለክቡር አቶ ስፓስ ኮዙሃሮቭ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና አዲሱን የክለቡን ምንጣፍ በመልካም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በገበያው አዳራሽ በር አጠገብ አይብና ወይራ የምሸጠው፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የኔቬና አባት ነኝ። የቀን ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች ያሰፈርኩት ሁሉ ከዚያ የተገለበጠ ነው።

አንደኛ፤ ክለብዎ ቤተሰባችንን ከብዙ ድካም ስለገላገለው አመሰግናለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ባሕር ዳርቻ አልወረድንም፣ የዘመድ ሠርግ አልበላንም፤ ባለቤቴ ዝላትካም የእናቷን ሙት ዓመት በውድድር አዳራሽ ወንበር ላይ የፀጉር መርፌ እያቀበለች አሳልፋለች።

ሁለተኛ፤ ሆሳዕና የኔቬና የስም ቀን ነበር። የስም ቀን እንደ ልደት የሚከበር ሆኖ እንግዳው ግን ሳይጠራ ስለሚመጣ ቤቱ ሞላ። ልጄ ለሁሉም ዓሣና ኬክ ካቀረበች በኋላ ለራሷ አንድ ፖም ስምንት ቦታ ቆርጣ ሦስቱን በላች። እህቴ «አንቺ፣ የስም ቀኑ የማን ነው? የእኛ ነው እንዴ?» ብትላት፣ «ነገ እመዘናለሁ፣ አክስቴ» አለቻት። እንዲህ ያለች ቁጥብ አስተናጋጅ ስላሳደጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፤ አሰልጣኝ ቪዮሌታ በየማለዳው ልጆቹን ሚዛን ላይ እያወጡ ክብደታቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የጨመረችውን «ማታ ማን ጋበዘሽ?» ይሏታል፤ ሌሎቹም ይስቃሉ። ኔቬና ስድስት መቶ ግራም መቀነስ አለባት ተብሎ ወራት አልፈዋል። የእኔን ሚዛን ተቆጣጣሪ በየዓመቱ እየመጣ መርምሮ ማኅተም ስለሚያደርግበት፣ በጸሎተ ሐሙስ ማኅተም ያለባቸውን ሁለት ባለ አምስት ኪሎ የሚዛን ብረቶቼን ይዤ መጥቼ በእርስዎ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። አሥር ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆኑ። ብረቶቹን ማታ ማንም አልጋበዛቸውም።

አሰልጣኟ «ጋሽ ኔድኮ፣ እርስዎ አይብዎን ይሽጡ፤ ልጆቹን ለእኛ ይተዉ» አሉኝ። እርስዎ ደግሞ በዚያ ሚዛን ሦስት ሜዳልያ መገኘቱን በትህትና አስረዱኝ። አይብ ሜዳልያ ስለማያመጣ መሰለኝ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ሚዛን ብሸጥ ሱቄ በማግስቱ ይታሸግ ነበር።

አራተኛው ነገር በእውነቱ የት እንደሚቀርብ አላውቅም። የዚያን ዕለት ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄጄ «ልጄ፣ ስድስት መቶ ግራሙ የሚዛኑ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም! ብይ!» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ ሁላችንም የምንመዘነው በዚያው ነው። ከሁሉም የምከብደው አሁንም እኔው ነኝ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ከገዢ ጋር ስከራከር ኖሬ፣ ለልጄ ያቀረብኩት ማስፈራሪያ ነው። ከክለቡ አስወጣሻለሁ ብላት አላለቀሰችም፤ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። ቆማ ቀረች። በመጨረሻ መኪናውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም አድርሻታለሁ፤ ነገም አደርሳታለሁ።

ስለዚህ ሚዛኑን ያስተካክሉ ብዬ እንኳ አልለምንም። የምለምነው አሰልጣኟ አንድ ቀን፣ በዚያው ልጆቹን በሚያሳፍሩበት ድምፅ፣ «ኔቬና፣ ብይ» እንዲሏት ብቻ ነው። እኔ ስላት አትሰማም። እናቷም ስትላት አትሰማም። የምትሰማው የእናንተን ሰው ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሜዳልያዎችዎም ለዘለዓለም እንዳይዝጉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ኔድኮ ቻካሮቭ፣ የአይብ ነጋዴ

ማሳሰቢያ፦ ትንሿ ልጄ ቦያና ስድስት ዓመቷ ነው። ትናንት እራት ላይ ሳህኗን ወደ መሃል ገፍታ «ጠግቤአለሁ» አለች፤ ማንኪያዋ ግን ንጹሕ ነበር። እርሷን ገና አላስመዘገብናትም፤ ሥልጠናውን ከወዲሁ ስለጀመሩላት አመሰግናለሁ።