ለእኔ ጋቢ የተፈተለው ክር ለግብ መረብ ስለመዋሉ

ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ጉልላት
የሰፈራችን የስፖርት ማኅበር ሊቀ መንበርና «ዋንጫው የኛ ነው» የተባለው መጽሐፍ ደራሲ
ኮልፌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤንነትን፣ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ዋንጫውን ብቻውን አቅፎ ለሚታየው ክንድዎም ብርታትን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከማኅበሩ ሜዳ በታች፣ ከአልፊያ ሱቅ ጀርባ የምኖር ዋጋነሽ ነገሬ የምባል ሴት ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን መጽሐፍዎን ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤዋለሁ፤ ያውም ሰሞኑን ከተቀየምኳት ጎረቤቴ ተውሼ።

ተማሪ ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የለመድኩት ስኳርና ጨው ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ የጋዜጣ ቁራጮች ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች እንዝርትና ባዘቷቸውን ይዘው ከግቢዬ ይሰበሰቡና በየተራ ለአንዳችን እንፈትላለን፤ እኔም የሳምንቱን ቁራጭ አነብላቸዋለሁ። ቁራጭ መቼም መጨረሻ የለውምና ሌባው ሳይያዝ፣ ሙሽራዋ ሳትደርስ ወረቀቱ ያልቃል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ፣ ደሜ የምንላት፣ እንዝርቷን አቁማ «ከዚያስ?» ትለኛለች፤ የቀረውን ከራሴ እጨምራለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚህች «ከዚያስ?» ስል ነው።

አንደኛ። መጽሐፍዎ ከወጣ ወዲህ ይህች ቃል ከእኔ ግቢ ወጥታ ከዚያች ከተቀየምኳት ጎረቤቴ ከሰርኬ ግቢ ገብታለች። ሰርኬን በስኳር ወረቀት ላይ በጣቴ እያሳየሁ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነበርኩ። እርሷ ግን መጽሐፍዎን ከጦር ኃይሎች ሰፈር ገዝታ መጣችና ሐሙስን ወደ ራሷ ደጅ አዞረችው። ወረቀቴን ይዤ በሄድኩ ዕለት በሴቶቹ ሁሉ ፊት «ዋጋዬ፣ ዛሬም ብጥስጣሽን ይዘሽ መጣሽ? በይ ቁጭ በይና ሙሉውን ስሚ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩና ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስለዚህ ግብዣ ምስጋናዬ ለእርስዎ ይድረስ።

ሁለተኛ። የበረኛውን የገሜዳን ምዕራፍ በሚመለከት ቅሬታዬ ምዕራፉ እጅግ መልካም መሆኑ ነው። ገሜዳ የቅጣት ምቱ፣ ሪጎሬው፣ ከገባበት በኋላ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ፌርማታ ላይ ከቆመው ሰው ዓይን ለመሸሽ በጀርባ መንገድ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እናቱ ስለ ጨዋታው ምንም ሳትጠይቅ እግሩን ስታጥበው፣ ደሜ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በእኔ ንባብ ብዙ ጊዜ ስቃለች፤ አልቅሳ ግን አታውቅም። እኔም ያን ገጽ ቤቴ ወስጄ ጉድለት ስፈልግበት አመሸሁና አጣሁበት። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ለጎረቤት አለማዘን ከአንድ የማኅበር ሊቀ መንበር የሚጠበቅ አይመስለኝም።

ሦስተኛ። ደግነቱ የቀረው ምዕራፍ አጽናንቶኛል። ከገሜዳ በቀር ተጫዋቾችዎ በሙሉ አንበሶች ናቸው፤ አጥቂው አንበሳ፣ ተከላካዩ አንበሳ፣ ተቀያሪው ሳይቀር ወንበር ላይ የተቀመጠ አንበሳ ነው። ይህን ያህል አንበሳ በአንድ ሜዳ ከተሰበሰበ ኳሱን የሚያስታውሰው ማን እንደሆነ ቢገልጹልን መልካም ነበር። እርስዎ ንግግር ያደረጉባቸው ገጾች ደግሞ ጨዋታው ከተደረገባቸው ገጾች ይበልጣሉ፤ ሰርኬም እዚያ ስትደርስ ሁለት ሁለት ቅጠል እየገለጠች ታልፋለች። ይህን የምነግርዎ እንዳይከፋዎ እየጸለይኩ ነው።

አራተኛ። ሁሉንም ጨርሰውታል። ዋንጫው ተበልቷል፣ የተጣላው ታርቋል፣ ገሜዳም በዓመቱ ጥፋቱን ክሶ አጨብጭበንለታል። ለሰሚው የሚከራከርበት ቅንጣት አልተረፈም።

አምስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ሐሙስ የፈትሉ ተራ የእኔ ነበር። ለክረምት የሚሆን ጋቢ ላሠራ ሴቶቹ ሊፈትሉልኝ ቃል ገብተው ነበር፤ ልቃቂቱም ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን መጽሐፍዎ የማኅበሩ ግብ መረብ የሌለው መሆኑን በሚያሳዝን ቃል ስለሚናገር ደሜ «የገሜዳ ሜዳ ራቁቱን አይቆምም!» ብላ ተነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የእኔው ክር ተገምዶ መረብ ሆነ። አሁን ብርድ ሲሰማኝ ከሜዳው ዳር ሄጄ ጋቢዬ በሁለት ቋሚዎች መካከል ተወጥሮ አየዋለሁ። ኳስ ይሞቀዋል።

ሰርኬ ይህ ሁሉ ቅናት ነው ትላለች። አልክድም፤ ነው። ይሁንና ቅናት ዓይንን አያጠፋም፤ እንዲያውም መጽሐፍዎን እንደ እኔ አጥብቆ ያነበበ ሰው በዚህ ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ አንበሶቹን ቀንሰው ገሜዳዎቹን እንዲያበዙልን፣ መጨረሻውንም ለእኛ እንዲተዉልን በትሕትና እለምናለሁ።

ቃልዎን ስትሰማ ጋቢዋን ያጣች፣ ነገር ግን አክብሮቷን ያላጓደለች፣
ዋጋነሽ ነገሬ
ኮልፌ፣ ግንቦት ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ስኳር ልገዛ አልፊያ ዘንድ ብሄድ የጠቀለለችልኝ በመጽሐፍዎ ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ከማተሚያ ቤት የተረፈ ነው አለችኝ፤ ብዙ መሆኑን ግን አይቻለሁ። ቅጠሉ ገሜዳ ለሪጎሬው ክንዱን ዘርግቶ በቆመበት ያልቃል። ሐሙስ ዕለት በግቢዬ አነበብኩት። ደሜ ቀጥሎ የሚሆነውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን እንዝርቷን አቁማ «ከዚያስ?» አለችኝ። ሰርኬም ባዘቶዋን ይዛ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ኳሱን አየር ላይ ትቼዋለሁ፤ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ከፈለጉ እንዝርት ይዘው ይምጡ፤ ጋቢው እንደገና ተጀምሯል።