ቡዚያን መስኮቱን የከፈተ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤ ማርሴይ፣ ፈረንሳይ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣሻል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እኔን ስኳሩ አልለቀቀኝም፤ ምላሴ ግን ጤነኛ ነው፣ ከዚህ በታች ታዪዋለሽ።

ስለ ቡዚያን ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ ብለሽኛል። እሺ። ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ተቀበረ። የኦራን ከተማ በሙሉ ወጣ። ሃያ ዓመት በሩን አንኳኩተው የማያውቁ ሰዎች ቃሬዛውን ለመሸከም ተጋፉ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ “የከተማችን ድምፅ” እያለ ሲያነብ የሟቹን ስም ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

እውነቱን እኔ ልንገርሽ። ቡዚያን ውሸታም ነበር፤ ሰካራምም ነበር። ፀጉሩን በጫማ ቀለም ስለሚያጠቁር ሲዘፍን አንገቱ ላይ ጥቁር ላብ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ደግሞ ያንን እያዩ ያለቅሱለታል። ባለቤቴ ላኽዳር፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከኋላው ሆኖ ከበሮ መታለት። ላኽዳር የወጥ ቤታችንን ጠረጴዛ በጣቱ እየመታ ያወጣውን ዜማ ቡዚያን ወስዶ ካሴቱ ላይ የራሱን ስም አጻፈበት። ብወቅሰው ምን አለኝ መሰለሽ፤ ዜማ እንደ ድመት ነው፣ ደስ ያለው ቤት ይገባል አለኝ። የሴቶቹን ነገር አልጽፍም። እሱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የልጃችንን የዋሂባን ሰርግ ግን ልንገርሽ፤ አንቺ አልነበርሽምና። በስልክ የሰማሽው ግማሹን ነው።

ያኔ፣ ጺማሞቹ ታጣቂዎች ዘፋኝ በሚያርዱበት ዘመን፣ ዘፈን ሞት ነበር። ሰርግ በተደገሰበት ቤት ሁሉ በበር ሥር ወረቀት ይገባል። ለእኛም ገባ፤ ዘፈን ከተሰማ የሙሽራዋ ልብስ ከፈኗ ይሆናል ይላል። ከዘፋኞቹ ግማሾቹ ፈረንሳይ ገቡ፣ ግማሾቹ ጺም አሳደጉ። ላኽዳርም ከበሮውን አልጋ ሥር ከቶ ልጅቷን በዝምታ እንዳራት አለ። እንግዶቹ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ኩስኩሳቸውን ይበላሉ፤ ዋሂባ በነጭ ልብሷ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ቡዚያንን የጠራው ሰው አልነበረም። እኔማ መቼም አልጠራውም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ረጅም ሴት በነጭ ሃይክ ከራስ እስከ እግሯ ተሸፋፍና ቆማለች፤ ከሥር የሚታየው ግን የወንድ ጫማ ነው፣ ያውም ያልተጠረገ። ገብታ ስትገለጥ ቡዚያን ሆኖ ተገኘ። የመጠጡ ሽታ ቀድሞት ገብቷል።

“ምን ልትሆን መጣህ?” አልኩት።

“ልዘፍን ነዋ። ይሄ ሰርግ ነው ወይስ ሐዘን?” አለኝ።

መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ጀመረ። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ፈሪ ነበር ስልሽ እውነቴን ነው። ከዚያ ዋሂባን አያት። ብዙ አያት። ተነሣና መስኮቱን በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው። ላኽዳር አብደሃል ወይ፣ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል ቢለው፣ “ይስማ። ይቺ ልጅ በሹክሹክታ አትዳርም” አለው።

ከዚያማ ዘፈነ። እኔ ያን ሰው አልወደውም፤ እንዴት እንደዘፈነ ብነግርሽ ግን አታምኚኝም። ላኽዳር ሄዶ ከበሮውን ከአልጋው ሥር አወጣ። ፊት ለፊት ካለው ሰገነት አንዲት ሴት እልል አለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ቀጥሎ መንገዱ በሙሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቱ ገቡበት። ቢላው አንገቱን ሳይጨርሰው ጎረቤት ጮኸ። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሲያወራ እንደ ዛገ በር ነበር ሲጢጥ የሚለው፤ ያም ሆኖ ውሸቱን አልተወም። የገቡበት ሁለት ነበሩ፤ በየቡና ቤቱ ስምንት ያደርጋቸዋል። ይህ ዛሬ ሬሳ የሚሻማ ከተማ ያኔ አንድ ቀን አላህ ይማርህ አላለውም። እኔም አላመሰገንኩትም። በየዒዱ ሥጋ እልክለት ነበር፤ አንድም ሳህን መልሶልኝ አያውቅ።

ረቡዕ ዕለት ለቅሶው ላይ እኔና ዋሂባ በሩ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ የቡዚያን እህት ሐጃ ሙኽታሪያ ተነሥታ መጣች። ዋሂባን እጇን ይዛ አስነሣቻትና ወስዳ ከዘመዶቹ መሐል፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት። “ቦታሽ እዚህ ነው፣ ልጄ” አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ምንጣፉን አየሁ።

ስንመለስ ዋሂባ እስከ በራችን ድረስ ሸኘችኝ። ቁልፉን ሳወጣ፣ “እማ፣ አክስቴ ወደ ማርሴይ የሄደችው በየትኛው ዓመት ነው?” አለችኝ። ከነወሩ ነገርኳት። ከተወለደችበት ወር ጀምራ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ገብታ ሻይ አፈላችልኝ፣ እጄንም ሳመችኝ።

ስለዚህ ነይ። ለእሱ ብለሽ አይደለም፤ እሱ እንባ የሚባክንበት ሰው አልነበረም። ብቻ እንደ ልማድሽ ሽቶ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ አርባ ዓመት የላክሽላት ሽቶ ይበቃታል።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የምትናገሪበትንም አንደበት ይስጥሽ።

አደራሽን የጠበቀች፣
ታናሽ እህትሽ