ማስኩ ያፈሳል፤ አርባው አልወጣም

ሐሙስ

ዛሬም ቀይ። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ፊት ያሳየኛል፤ ማስኩ ገጥሞ ካደረ አረንጓዴ ፈገግታ፣ ሲያፈስ ካደረ ቀይ ኩርፊያ። አረንጓዴ ካየሁ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ያለፈው ሌሊት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው ይላል። ከአራት ሰዓት በታች የሆነ ሌሊት አይቆጠርልህም ብለውኛል።

ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ማስኩን መቼ እንዳወለቅኩት እንኳ አላውቅም፤ እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚያወልቀው።

በሽታዬ ስተኛ ትንፋሼ መቆሙ ነው። ማሽኑ በቱቦ አየር እየነፋ ጉሮሮዬን ከፍቶ ያሳድራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ማስኩ አፍንጫዬንና አፌን ግጥም አድርጎ ከያዘ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምተኛው በጎኔ ነው። በጀርባዬ ከሆንኩ ማሽን ኖሮም እታነቃለሁ። በጎኔ ስዞር ትራሱ ማስኩን ይገፋዋል፣ አየሩ በጉንጬ በኩል ያፏጫል፣ ዐይኔን ያደርቀዋል፣ የሰናይት ማጅራት ላይ ይነፋል። ሚስቴ ከትናንት ወዲያ ትራሷን ይዛ ሶፋው ላይ ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የክሊኒክ ቀጠሮዬ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው። ያን ቀን ሕክምናው ሠርቶለታል ብለው ካልጻፉልኝ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዴ አይመለስም። አንድ ቀን ዊልስደን በሚባለው ሰፈር ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እያወረድኩ እንቅልፍ ጣለኝ፤ አንዲት ሴትዮ መስታወቱን አንኳኩታ ቀሰቀሰችኝ። ማንም አልተጎዳም። ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው ሄጄ የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ፈቃዴን የወሰዱት ያኔ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የነዳሁ ሰውዬ አሁን ስትሪትሃም ጋራዥ ውስጥ ለሾፌሮች በመስኮት የአውቶቡስ ቁልፍ አቀብላለሁ። አለቃዬ ከዚህ ወር በላይ እዚያ ላቆይህ አልችልም ብሎኛል።

ዓርብ

ቀይ። ሦስት ሰዓት ከአምስት።

እስካሁን የሞከርኩት፦
ማሰሪያውን ማጥበቅ። ከአፍንጫዬ ላይ ቆዳው ተልጧል፣ ፕላስተር ለጥፌ ነው ሥራ የገባሁት።
ማሰሪያውን ማላላት። ይብሱን አፏጨ።
የስፖንጅ ትራስ ገዝቼ ለማስኩ ቦታ እንዲሆን ጠርዙን በዳቦ ቢላ መቁረጥ። ሰናይት አይታው «አይጥ ገባ እንዴ?» አለች።
ቱቦውን ከራስጌ በላይ ማንጠልጠል። ሁለት ሌሊት ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር።
አፍንጫ ላይ ብቻ የምትገባዋ ትንሿ ማስክ። አፌን ከፍቼ ስለምተኛ አየሩ በአፌ ወጣ።
የሰናይት ሻሽ። ማስኩ እንዳይነቃነቅ ከአገጬ እስከ አናቴ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስታወት አየሁት። የተገነዘ ሰው ነው የመሰልኩት። ቶሎ ፈታሁት።

ከዚያ ወዲያ ዐይኔን ሳልከድን ነጋ። ደጀኔንም እንዲህ አስረውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ

ሥራ የለኝም። ቀይ። ቁጥሩን አልጽፈውም።

ደጀኔ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ደብተርና ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። እንደ እኔ ያንኮራፋል፤ ሲያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው ይተነፍሳል። ይህንን ማሽን ሲሰጡኝ ደውዬ ነግሬው ነበር። «ለማንኮራፋት ደግሞ ማሽን?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ሐኪም ጋ ሂድ አላልኩትም። አዲስ አበባ አልጋው ላይ ተኝቶ ጠዋት ሲቀሰቅሱት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። ለእኔ ሲነግሩኝ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ለአርባው እንኳ ልሂድ ብል ሥራዬ በቋፍ ላይ ነው፤ በዚህ ወር ፈቃድ ከጠየቅኩ እሱም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ባሕር ማዶ ሆኜ አፈር አላለበስኩትም፣ ልጆቹን አላቀፍኩም። ያደረግኩለት ነገር ቢኖር ጢሜን አለመላጨቴ ነው። አርባው እስኪወጣ አልነካውም ብያለሁ። አርባው የሚውለው ከቀጠሮው በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን የያዘችላት የደጀኔ ልጅ ናት። እማዬ ዐይኗን አጥብባ አየችኝና «አደገ» አለች። ጢሜን ማለቷ ነው። «ሳየው ቀብሩ ላይ የነበርክ ይመስለኛል» አለችኝ። ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አይወጣትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጢሜን እየዳሰስኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

እሑድ

የሞኝ ሥራ ሠራሁ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ጢማም ሾፌር ቫዝሊን ቀብተህ ሞክር ብሎኝ ነበር፤ ትናንት ማታ ጢሜን በቫዝሊን አብሼ ተኛሁ። ማስኩ ጆሮዬ ሥር ተንሸራቶ ተገኘ። ሰባ አምስት ደቂቃ። ትራሱም ተበላሸ።

አሁን ሳስበው፣ ሰውየው ስለ ጢም ሲመክረኝ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰናይት አርችዌይ ካለው ቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ ሶፋው ላይ ማስኬን አድርጌ በጎኔ ተጋድሜ፣ ማሽኑን ከፍቼ፣ የቱ ጋ እንደሚያፈስ በጣቴ ስፈልግ አገኘችኝ። ጫማዋን ሳታወልቅ ከኩሽና ሶፍት አመጣች። ከሶፍቱ ቀጭን አድርጋ ቀደደችና በማስኩ ዙሪያ ቀስ እያለች አዞረችው። ዐይኔ ሥር ጸጥ ያለ ነው። ጉንጬ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ። ከንፈሬ በላይና አገጬ ላይ ስታደርሰው ተርገበገበ። ጢም ባለበት ሁሉ ይርገበገባል። በሌላው ጎኔ አገላበጠችኝ፤ ያው ነው።

ማስኩን የለኩልኝ ደጀኔ ሳይሞት ነው። ያኔ ፊቴ ልስልስ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሳምንት ሆኖኛል» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ነኝ ላጨው የምልህ? ጴንጤዋ ናት ሐዘኑን ያስተወችው ይሉኛል። እናትህስ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር ትለኛለች?»

እውነቷን ነው፣ ይሉ ነበር። ሶፍቱን እፍኟ ውስጥ ጨብጣ ተነሳች።

ሰኞ

ቀይ።

ከክሊኒኩ ደወሉ። ማስኩን የለካችልኝ ባለሙያ ናት፤ የማሽኑ ቁጥር እሷ ዘንድ በኢንተርኔት ይደርሳል። በደግ ድምፅ ነው የተናገረችው። ከሁለት ሳምንት በላይ ብዙ አየር እያፈሰስክ ነው፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ደብዳቤውን መጻፍ አልችልም፣ ቀጣዩ ባዶ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ጥቂት ደህና ሌሊት ካየሁ ግን ይበቃኛል አለችኝ። በጎንህ ስለምትተኛ ይሆን? አለች። ይሆናል አልኩ። የተለወጠ ነገር አለ? ብላ ጠየቀችኝ።

ምንም የለም አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ወንድሜ ሞተ፣ ጢሜን አሳደግኩ፣ ጢሙ ነው የሚያፈሰው ብል «እንግዲያው ላጨው» ትለኛለች። ያንን ቃል ደጀኔን ከማያውቅ ሰው አፍ መስማት አልፈለግኩም።

ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ ከፊት ተቀመጥኩ። አርባው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት የማይሞላ መታገሥ ነበር የቀረኝ። ክሊኒኩን ዝለለው፣ ሥራውም ይቅር፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም እያልኩ ስደነፋ ቆየሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ነገር መጣ። ደጀኔ የሞተው መንጃ ፈቃድ ስላጣ አይደለም። የሞተው ተኝቶ ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ማሽን እንደተኛሁ ነው የሚቆጠረው። ፈራሁ። ፌርማታዬን አልፌ ነው የወረድኩት።

ማክሰኞ

ተላጨሁ።

ከሥራ በፊት፣ ሰናይት ከወጣች በኋላ። ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ በመቀስ፣ ቀጥሎ በምላጭ። ብዙ ሽበት አለው፤ ሲያድግ አላስተዋልኩትም ነበር። ሁለት ቦታ ተቆረጥኩ። ከደጀኔ ፎቶ ፊት አልላጭም ብዬ ፎቶውን ወደ መኝታ ቤት ወስጄው ነበር። ከዚያ እንዲህ መሸሼ ራሱ አስጠላኝ።

ጸጉሩን በወረቀት ጠቀለልኩት። ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልሆነልኝም፣ የት እንደማስቀምጠውም አላወቅኩም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ከዳሁት። ሌላ ቃል አጥቼለታለሁ።

ሰናይት ማታ ገብታ አየችኝ። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጉንጬን በመዳፏ ነካ አደረገች፣ ራት አቀረበች። ትራሷን ግን ከሶፋው አንስታ መልሳ አመጣች።

ረቡዕ

አረንጓዴ። ስድስት ሰዓት ከሃያ። በቀኝ ጎኔ ተኝቼ በቀኝ ጎኔ ነቃሁ።

ራሴን አላመመኝም። ሻዩ ጣዕም አለው። ደረጃውን ሳላለከልክ ወረድኩ። ሰው በሐዘኑ መካከል እንዲህ ሲቀለው ያሳፍራል፤ አፈርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። ካሜራውን ሳልከፍት አነሳሁ። «ምነው ጨለማ ሆነብኝ?» አለች። «ካሜራው ተበላሽቷል እማዬ» አልኳት። ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰናይት ከሥራዋ ደወለችልኝ። የደጀኔ ልጅ ደውላላት ነበር። «እውነቱን ንገሪን፣ ታዴ ምን ሆኖ ነው?» ብላለች። እማዬ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ደበቃችሁኝ እያለች ደረቷን እየመታች ነው። ምን ታድርግ፤ እኛ ቤት መጥፎ ነገር የሚደበቀው በዚሁ ነው። ስልኩ ተበላሽቷል ይባላል። ደጀኔ አፈር ከለበሰ በኋላ እኔም በደወልኩ ቁጥር የተባልኩት እሱኑ ነው።

ሰናይት «ነገ ፊትህን አሳያት፣ አለበለዚያ ሁለተኛ ልቅሶ ልታስቀምጣት ነው» ብላኛለች። ዛሬ አቅም አጣሁ።

ሐሙስ

አረንጓዴ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል።

ከሻይ ሰዓቴ በፊት ቁልፉን ለሥራ ጓደኛዬ ትቼ ወደ ኋላ ግቢ ወጣሁ። ደወልኩ፣ ካሜራውን ከፈትኩ። እማዬ ስልኩን ነጥቃ ወደ ዐይኗ አስጠጋችው። ብዙ አየችኝ።

«ተላጨህ» አለች።

«ተላጨሁ እማዬ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን፣ አየሩን፣ በጎኔ መተኛቴን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የሰናይትን ሶፍት። ሰናይት ላጨው አላለችኝም ብዬም ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ምን ያህሉን እንደሰማች እንጃ። ስጨርስ እንዲህ አለች፦

«ይኼ መሣሪያ ደጀኔ ጋ ቢኖር ይተርፍልኝ ነበር?»

ይህንን ጥያቄ ስፈራው ነው የከረምኩት።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ልቡ ነው ብለዋል። ግን አይ፣ አይተርፍም ማለት አልቻልኩም።

ከኋላዋ የደጀኔ ልጅ ስታለቅስ ይሰማል። ከዚያ «እንግዲያው በየቀኑ ተላጭ» አለችኝ። «አንድም ቀን እንዳትዘል። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

ልትዘጋው ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአርባው ግን ካሜራ እንዳትከፍት። አክስቶችህ ይመጣሉ።»

ከአውቶቡሶቹ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። መርዶውን የሰማሁ ዕለት እንኳ እንዲህ አልወጣልኝም ነበር። አንድ ሾፌር አይቶኝ ውሃ አምጥቶልኝ ሄደ።

ዓርብ

አረንጓዴ። ስድስት ሰዓት ከአርባ። ጠዋት ደግሜ ተላጨሁ።

ክሊኒክ ደርሼ መጣሁ። ሦስት ሌሊት ጥቂት ነው፣ ግን ልዩነቱ በጣም ግልጽ ነው አለች ባለሙያዋ። ደብዳቤውን ዛሬ ትጽፋለች። የመንጃ ፈቃድ ቢሮው እስኪመልስ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ አለቃዬ እስከዚያ ቁልፉ ላይ ያቆየኝ አያቆየኝ ሰኞ ነው የማውቀው። ደብዳቤው ይታይልኝ ብዬ እለምነዋለሁ።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። የሚያፈሰውን አየር የሚያሳየው መስመር እስከ ማክሰኞ ድረስ ሽቅብ ነው፤ ከዚያ ድንገት ይወርድና ከሥር ይተኛል።

«ምን ቀየርክ?» አለችኝ።

«ጢሜን ተላጨሁ።»

ፈገግ አለች፤ ክፋት የላትም። «ቀላል ነገር ነበር ማለት ነው» አለችና መጻፍ ጀመረች።

«አዎ» አልኳት።